በአንድ ክር ላይ አራት ድምፅ

የዚህን ጽሑፍ አርእስት የሚያይ ተማሪ «ስልክ ሁሉን በሚቀርጽበት ዘመን ስለ ካሴት መጻፍ ምን ይረባል?» ማለቱ አይቀርም። መልሴ አጭር ነው፤ ቤታችን ያለው እርሱ ነው። አጎቴ ያስቀመጠውን ባለአራት መሥመር መቅረጸ ድምፅ ባለፈው ክረምት ከሣጥን አውጥቼ አቧራውን ከጠረግሁለት ወዲህ ብዙ ተምሬበታለሁ፤ አንድ የሚጸጽተኝ ነገርም አድርጌበታለሁ።

በካሴት የሚሠራውን ባለአራት መሥመር መሣሪያ በመጀመሪያ ለገበያ ያቀረበው ቲያክ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1979 ነው። አሜሪካዊው ዘፋኝ ብሩስ ስፕሪንግስቲን በ1982 ያወጣውን «ነብራስካ» የተባለ አልበም ቤቱ ተቀምጦ የቀረጸው በዚሁ መሣሪያ ነበር።

የካሴት ክር ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚህች ስፋት ላይ አራት ቀጫጭን መሥመሮች ይቀረጻሉ። ተራው ቴፕ ሁለቱን በአንድ ገጽ፣ ሁለቱን ደግሞ ካሴቱ ሲገለበጥ ያነባል። የእኛው ግን አራቱንም በአንድ አቅጣጫ ስለሚያነብ ካሴቱ አይገለበጥም። ክሩም በእጥፍ ፍጥነት ስለሚሄድ የ60 ደቂቃ ካሴት 15 ደቂቃ ብቻ ይይዛል። ይህንኑ ካሴት በተራ ቴፕ ያጫወተው እንደሆነ፣ በአንዱ ገጽ የሚያንቀላፋ ሰው ዘፈን፣ በሌላው ደግሞ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው የሚሄድ ዘፈን ይሰማል። ታናሽ ወንድሜን ከዚህ የበለጠ የሚያስቀው ነገር የለም።

በመጀመሪያው መሥመር ላይ ክራሬን ቀረጽሁ። ቀጥዬ ክሩን ወደ መጀመሪያው መልሼ፣ ክራሩን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁ በሁለተኛው ላይ ከበሮ መታሁ። ያው አንዱ የመሣሪያው ራስ የፊተኛውን እያሰማ አዲሱን ስለሚቀርጽ ምቱ አይዛነፍም። በሦስተኛው ላይ አያቴ እናቴን ያሳደጉበትን እሹሩሩ ዘፈኑልኝ። ማዳመጫውን በነጠላቸው ላይ ደፍተው «ክራር መቺው የት አለ?» እያሉ ዙሪያቸውን ይመለከቱ ነበር።

ጭብጨባና ተቀባይ ልጨምር ብዬ ሦስቱን አቀላቅዬ በአራተኛው መሥመር ላይ ገለበጥሁ። ይህ ሲደረግ ሦስቱ መሥመሮች ለአዲስ ድምፅ ይለቀቃሉ። ነገር ግን የክሩ ሽሽታ በየግልበጣው ይጨምራል፤ የተቀላቀለውም እንደ ወጥ ነው፤ ሽንኩርቱን ከበርበሬው መልሶ መለየት አይቻልም። እኔም እንደ ክራር መቺ ሁሉ የራሴን ክራር አጉልቼ ኖሯል። ይህን ያወቅሁት በሦስተኛው መሥመር ላይ፣ ማለት በአያቴ ድምፅ ላይ፣ ጭብጨባውን ከቀረጽሁ በኋላ ነው። አሁን ድምፃቸው ከጎረቤት ግቢ የሚመጣ ይመስላል። እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚገጥማችሁ ጓደኞቼ፣ የገለበጣችሁትን አሳድራችሁ በማግሥቱ ሳትሰሙ የፊተኛውን አትንኩ።

አያቴ ለጥምቀት ሲመጡ ደግመው እንዲዘፍኑልኝ ለመንኋቸው። «ያ ጠፋ እንዴ? ደኅና የዘፈንሁት እርሱን ነበር» አሉኝ። ሆኖም ዘፈኑ። መካከል ላይ ሳል አቋረጣቸው፤ ሳሉንም አላጠፋሁትም። የቀሩትን ሦስት መሥመሮች ባዶ ትቼ፣ ሌላ ድምፅ እንዳይቀረጽበት በካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች በቢላዋ ሰበርኋቸው። ጭብጨባው በሌላ ካሴት ይሆናል።