ስለ ዲስክ ኢሜጅ አመዘጋገብ

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ባጥለቀለቁ ጊዜ፥ በአንበሳሜ ወይም በወረታ አንድ ጸሓፊ የተጎዱትን ገበሬዎች ስም በፍሎፒ ዲስክ መዝግቦ አስቀምጧል እንበል። ይህ ምሳሌያችን ነው እንጂ የተገኘ ዲስክ አይደለም። የማን ማሳ በውሃ እንደ ተበላ የሚጠይቅ ቢነሣ መልሱ ያለው በዚያ ዲስክ ላይ ይኾናል።

ዲስኩን ለማትረፍ የሚሻለው ፋይሎቹን እየመረጡ መገልበጥ ሳይኾን፥ ከመጀመሪያው ሴክተር እስከ መጨረሻው ያለውን ኹሉ እንዳለ ወደ አንድ ፋይል መቅዳት ነው። ይህም ዲስክ ኢሜጅ ይባላል። ባለ 1.44 ሜጋባይት ፍሎፒ አንዲት ደብዳቤ ብቻ ቢይዝም እንኳ ያልተጨመቀ ኢሜጁ 1,474,560 ባይት ነው፤ ባዶ የሚመስለው ስፍራ ጭምር ይቀዳልና።

ይኸው ፋይል በመዝገብ ሲሰፍር ግን አንድ ነው ወይስ ብዙ? መጀመሪያ በ1997 ዓ.ም. በወጣው ፕሪሚስ በተባለው የሜታዳታ ደንብ ኢሜጁ ራሱ እንደ ፋይል ይመዘገባል፤ በውስጡ ያሉትም በየራሳቸው ተመዝግበው ከርሱ ጋራ በዝምድና ሊያያዙ ይችላሉ። አንዳንዶች በኢሜጁ ብቻ ያቆማሉ። እኛ ግን ውስጡም ይመዝገብ እንላለን፤ አንባቢ የሚፈልገው የስም ዝርዝሩን እንጂ ዲስኩን አይደለምና።

ከዚህ ይልቅ ለአገራችን የሚከብደው የፊደሉ ጉዳይ ነው። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ያካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትሙ ነው። ከዚያ በፊት፥ በብዙ ስፍራም ከዚያ በኋላ፥ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የየራሳቸውን ኮድ ይጠቀሙ ነበር። ስለዚህ «ጉማራ» ተብሎ የተጻፈው ቃል ፎንቱ ከሌለ የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ኾኖ ይታያል። ፋይሉ አንዲት ቢት ሳይጎድልበት የሚያነበው ይታጣል። እንግዲህ የሶፍትዌሩና የፎንቱ ስም ከነእትሙ መጻፍ አለበት፤ የፎንቱ ፋይል በዲስኩ ላይ ከተገኘም ከሰነዱ ጋራ በዝምድና ይያያዝ።

የቀኑም ነገር እንዲሁ ነው። ፋት የሚባለው የዲስክ አደረጃጀት ሰዓቱ የየትኛው አገር እንደ ኾነ አያመለክትም። ባለቤቱ ኮምፒውተሩን በኛ አቈጣጠር ሞልቶት ከነበረ፥ ጧት በ3 ሰዓት የተጻፈው ሌሊት በ9 ሰዓት የተጻፈ ይመስላል። በጽሑፉ ውስጥ ያለውን 1998 የፈረንጅ ዓመት ነው ብሎ የወሰደ መዝጋቢም ዝርዝሩን ከጐርፉ ስምንት ዓመት ያስቀድመዋል።

ኢሜጁ ከዝርዝሩ የተሰረዙትንም ስሞች ሊይዝ ይችላል። ማን ሊያያቸው እንደሚፈቀድለት በፕሪሚስ የመብት ክፍል ውስጥ ኢሜጁ ለአንባቢ ከመከፈቱ በፊት ይጻፋል።