ድካምን የሚገልጥ መዝገብ

ድካምን ስለ መግለጥ ሲነሣ አሳባችን ወደ ጸሎት ቤት ይሄዳል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ድካሙ የጻፈውን ሁላችን እናውቃለን። ዛሬ ግን ነገሩን ከልማት ሥራ አንጻር፣ በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ከሆነው ተነሥተን እንመለከታለን።

በጣና ላይ ከጥንት ጀምሮ ዓሣ የሚጠመደው በደንገል ታንኳ ነበር። ነገደ ወይጦ የሚባሉት ወገኖቻችን በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። በ1986 እ.ኤ.አ. ግን የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ገባ። ሥራው የተጀመረው የኔዘርላንድ ክርስቲያኖች የረድኤት ድርጅቶች ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና ከግብርና ሚኒስቴር ጋር በመተባበር ነው። አሳባቸው በጎ ነበር፤ ፍሬም አፈራ። በ1987 39 ቶን ያህል የነበረው ምርት በ1997 ወደ 360 ቶን ደረሰ። እንዲህ ያለ ቁጥር ለረጂዎች ለመላክ ማን ያመነታል?

ቁጥሩ ያልተናገረው ነገር ግን ነበረ። ነጭ ዓሣ የሚባለው፣ ብዙዎቹ ዓይነቶቹ ከጣና በቀር በሌላ ስፍራ የማይገኙት፣ በክረምት እንቁላሉን ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ይወጣል። በዚያን ጊዜ በወንዙ አፍ መረብ የዘረጋ ሰው በአንድ ሌሊት ብዙ ይይዛል፤ የሚይዘው ግን የሚመጣውን ዓመት ዓሣ እናት ነው። እድገቱም ዝግ ያለ ስለ ሆነ ቶሎ አይተካም።

ይህ እንዴት ታወቀ? ከ1991 እስከ 1993 ተመራማሪዎች በሐይቁ ላይ መረብ እየጣሉ የሚያዘውን ዓሣ መዝግበው ነበር። ያው ልኬት በ2001 ሲደገም የነጭ ዓሣው ክብደት በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ትንንሾቹም እጅግ አንሰው ነበር። ከተመራማሪዎቹ መካከል ርዳታው ከመጣባት ከኔዘርላንድ የመጡ ይገኙበታል፤ በጎ ሥራ ነውና ይለፍ አላሉም። ምክንያቱ በእርባታ ወራት የሚደረገው የመረብ ማጥመድ መሆኑን በግልጥ ጻፉ።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች ከሁሉ የሚበልጠው ያ የመጀመሪያው መዝገብ ይመስለናል። እርሱ ባይኖር ኖሮ «ዓሣው አነሰ» የሚለው የአጥማጁ ቃል እንደ ማጉረምረም ይታለፍ ነበር። ትሑት ነኝ ማለት አያስቸግርም፤ በገዛ ሥራችን ላይ ሊመሰክር የሚችል መዝገብ ከመጀመሪያው ቀን ማኖር ግን ልብ ይጠይቃል።

ምእመናንም ድርሻ አላችሁ። ሪፖርት ሲደርሳችሁ የምታመሰግኑት ስለ ተሳካው ብቻ ከሆነ ሠራተኛው ጉድለቱን መሸሸግ ይማራል። «ይህን አላሰብነውም ነበር» ብሎ ሲጽፍላችሁ መዋጮውን አትቀንሱበት፤ ይልቅስ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ጠይቁት።

በ2003 የፌዴራሉም የአማራ ክልልም የዓሣ ሀብት አዋጅ ወጥቷል። ሆኖም በክረምት በወንዞች አፍ መረብ መዘርጋቱ አልቀረም። አጥማጁም የሚለው አለው፤ ወንዙ በተከለከለባቸው ወራት ልጆቹን ምን ያብላ?