ያረጀችውን ትንሽ ሞተር ቢሲክሌት ለመንዳት ማደስ ያዋጣልን?

በንግድ ቤት ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ዕቃ ሁሉ አንድ ቀን «ይሸጥ፣ ይታደስ ወይስ ይጣል?» የሚል ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም። ለዚህም ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ስሜት ነው እንጂ ሂሳብ አይደለም። በጸሐፊነት በማገለግልበት በድሬዳዋ በሚገኝ አንድ የንግድ ቤት ስለ አንዲት ትንሽ ሞተር ቢሲክሌት የደረሰውን ነገር መጻፌም ለሌሎች ነጋዴዎች ይጠቅማል ብዬ በመገመት ነው።

ሞተር ቢሲክሌቲቱ የጃፓን ሥራ የሆነችው ሆንዳ ዜድ 50 ናት። የዘርዋ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1961 የሆንዳ ኩባንያ በቶክዮ አቅራቢያ ባቋቋመው ታማ ቴክ በተባለ የመዝናኛ ሥፍራ ለልጆች መጫወቻ የተሠራች ነበረች። አዋቂ ሰው ሲቀመጥባት ጉልበቱን ሰብስቦ ጦጣ ስለሚመስል «ሞንኪ» ማለትም ጦጣ ተባለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ለመንገድ ተዘጋጅታ ወደ ውጭ አገር ተላከች። የእኛይቱ ዓይነት 49 ሲሲ ሞተር፣ 3 ማርሽና ባለ 8 ኢንች ጎማ አላት፤ መሪዋም ስለሚታጠፍ በመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ትገባለች። ኩባንያው ባለ 50 ሲሲዋን መሥራት እ.ኤ.አ. በ2017 አቁሞ በ2018 በባለ 125 ሲሲ ተክቷታል።

የንግድ ቤቱ መሥራች የነበሩት ሽማግሌ በሕይወታቸው ሳሉ ከከዚራ ወደ መጋላ በዚህችው ሞተር ይመላለሱ ነበር። ከእርሳቸው ዕረፍት በኋላ በመጋዘን ቆማ ቀረች። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሞልቶ የብዙ ሰው ሕይወት በጠፋበት ጎርፍ፣ መጋዘኑም ውኃ ገብቶበት ሞተሯ በደለል ተቀበረች። ውኃው የደረሰበት ምልክት እስከ ዛሬ ድረስ በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ ይታያል።

ልጃቸው አሠሪዬ ከጥቂት ጊዜ በፊት «የአባቴን ሞተር እነዳለሁ» ብለው ተነሡ። ወዲያውም ወደ ቀለም ቀቢ ላኳት። ሞተሯ ቀይ ቀለም ተቀብታ እያብረቀረቀች መጣች፤ ነገር ግን የእግር መርገጫዋ አልንቀሳቀስ አለ፤ ፍሬኗም አልያዘም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ለቀለሙ የወጣው ገንዘብ ሳይቀድም መውጣት የሚገባው ሌላ ወጪ እንደ ነበረ የተረዳነው ያን ጊዜ ነው። አሠሪዬም ጠርተውኝ «እስቲ አንተ ሂሳቡን ሥራልኝ፤ የምታዋጣ ካልሆነች ቁርጡን ንገረኝ» አሉኝ።

እኔም አንድ በሥራው የሸመገለ መካኒክ ይዤ ምርመራውን በተራ ጀመርሁ።

በመጀመሪያ የታየው ሻንሲው ነው። ሻንሲው የተጣመመ ወይም በዝገት የተበላ ከሆነ የቀረው ሁሉ ቢሟላ ሞተሯ ለመንዳት አትሆንም። መካኒኩ ከፊተኛው ጎማ እስከ ኋለኛው ክር ወጥሮ ቀጥ ማለቱን ተመለከተ፤ ከመቀመጫው ሥርና ከመሪው አንገት አጠገብም አዲሱን ቀለም ፋቀው። የከፈልንበት ቀለም ሲፋቅ ማየት ባያስደስትም፣ ብረቱ ጤናማ ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛው ወረቀቱ ነው። በመሪው አንገትና በሞተሩ ላይ የተመቱት ቁጥሮች ከሊብሬው ጋር መስማማት አለባቸው። የእኛ ሊብሬ በሟቹ ስም ስለ ነበረ፣ የውርስ ማስረጃ ቀርቦ ስሙ እስኪዛወር ድረስ ሞተሯ ወደ መንገድ ልትወጣ አትችልም። ሊብሬ የሌላትን አሮጌ ሞተር ለመንዳት ብሎ የሚገዛ ሰው ብረት ብቻ እንደ ገዛ ይቁጠረው።

ሦስተኛው የሞተሩ ውስጥ ነው። የተጣበቀውን ፒስቶን በእግር ረግጦ ማስለቀቅ ትልቅ ጥፋት ነው። መካኒኩ ካንዴላውን ፈትቶ በቀዳዳው ቀጭን ዘይት አፈሰሰና ጥቂት ቀን ቆይቶ በዝግታ ቢያዞረው ለቀቀ። ሆኖም የወጣው ዘይት ደለል ስለ ነበረበት ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሳይፈታና ሳይታጠብ እንዳይነሣ ከለከለ፤ ደለል ኩሽኔታንና ሲሊንደርን እንደ ሞረድ ይበላልና።

አራተኛው መለዋወጫ ነው፤ ይህ በተለይ አስመጪዎችንና ባለሱቆችን ይመለከታል። ይህ ሞተር ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1958 ካወጣው ሱፐር ካብ ከተባለው ሞተር ቢሲክሌት የተወለደ ነው። ያንንም አሠራር በቻይናና በሌላም አገር ያሉ ፋብሪካዎች ስለ ተከተሉት ብዙ ተመሳሳይ ዕቃ በገበያ ይገኛል። ነገር ግን መልክ መመሳሰሉ አይበቃም። የእኛይቱ ፒስቶን ስፋቱ 39 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ወንድሙ የሆነው የባለ 70 ሲሲው 47 ሚሊ ሜትር ነው። የጥንቶቹ መብራት በ6 ቮልት ሲሠራ የኋለኞቹ 12 ቮልት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ገዢው አሮጌውን ዕቃ ለናሙና ይዞ ይምጣ፤ ሻጩም ሳይለካ «ይሆናል» አይበል።

አምስተኛው አገልግሎቱ ነው። ሞተሯ ዝቅተኛና ጎማዋ ትንሽ ስለ ሆነ በአሸዋና በጎድጓዳ መንገድ ትንገዳገዳለች፤ የጭነት መኪና ነጂም በቀላሉ አያያትም። ለከዚራ ሜዳማ መንገድ እንጂ ለአውራ ጎዳናና ለዕቃ ማመላለሻ አትሆንም።

ከዚህ በኋላ ወጪውን በሦስት ዓምድ ጻፍሁት። በመጀመሪያው ለደኅንነት የግድ የሚያስፈልገውን፣ ማለት የፍሬን ሸራ፣ ገመድ፣ ጎማ፣ ከመነዳሪና የመንኰራኵር ኩሽኔታ አኖርሁ። በሁለተኛው ለመነሣትና ለመሄድ የሚያስፈልገውን፣ በሦስተኛውም ለመልክ ብቻ የሚወጣውን አኖርሁ። አሮጌ ሞተር ሲፈታ ያልታሰበ ጉድለት ስለማይጠፋ በሁለቱ ዓምዶች ድምር ላይ ሲሶ ጨመርሁ። ይህንም ያንኑ አገልግሎት ከሚሰጥ ደኅና ሁለተኛ እጅ ሞተር ዋጋ ጋር ባስተያየው የእኛይቱ ወጪ በልጦ ተገኘ።

ለአሠሪዬ ያቀረብሁትም አሳብ ይህ ነበር፦ «ለቤቱ ሥራ ከሆነ አታዋጣም። ለአባትዎ መታሰቢያ ከሆነ ግን ልትታደስ ትችላለች፤ ሻንሲዋ ጤናማ ነው፣ ዕቃዋም ይገኛል። ሆኖም ወጪው በንግዱ መዝገብ ላይ አይጻፍ።»

አሠሪዬ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያም «ከኔ ኪስ ጻፈው፤ ሦስተኛውን ዓምድ ግን ሰርዘው» አሉኝ። ሞተሯ ተፈትታ ታጠበች፣ ፍሬኗ ታደሰ፣ ስሙም ተዛወረ። የተፋቀው ቦታ ከዝገት መከላከያ በቀር ሌላ ቀለም አልተቀባም። አሠሪዬ ዛሬ በእሑድ ጧት በከዚራ ዛፎች ሥር በዝግታ ይነዷታል፤ የሱቁን መልእክት የሚያደርሰው ግን ባጃጅ ነው።

እንግዲህ ክቡራን አንባብያን፣ በመጋዘናችሁ እንዲህ ያለች ሞተር ቢኖራችሁ ቀለም ቀቢ ከመጥራታችሁ በፊት የምትፈልጓት ለመንዳት ወይም ለማየት መሆኑን ለዩ። ለመንዳት ያሰበ ከሻንሲውና ከፍሬኑ ይጀምር፤ ለማየት ያሰበ ከቀለሙ ቢጀምር አይጎዳም።