ተጨማሪ መረጃ፦ ማግኔት የሚሰነጥቀው ብርሃን

በ1896 እ.ኤ.አ. ሆላንዳዊው ፒተር ዜማን በላይደን ዩኒቨርሲቲ ጨው ያረፈበት አስቤስቶስ በነበልባል ላይ አደረገ። ነበልባሉ የነበረው በኃይለኛ ኤሌክትሮማግኔት ዋልታዎች መካከል ነው። የሶዲየም ሁለቱ ቢጫ መስመሮች (589.0 እና 589.6 ናኖሜትር) ማግኔቱ ሲበራ ሰፉ፤ ሲጠፋ መልሰው ጠበቡ። ማይክል ፋራዴይ ይህንኑ በ1862 ሞክሮ ምንም አላየም፤ መሣሪያው ያን ያህል ረቂቅ ለውጥ ለመለየት አልበቃም ነበር።

መስመሮቹ ለምን ሰፉ? ኤሌክትሮን ራሱ እንደ ትንሽ ማግኔት ስለሆነ ነው። ለዚህም አንዱ ምክንያት ስፒን፣ ማለትም ኤሌክትሮን በተፈጥሮው የያዘው አንጉላር ሞመንተም ነው (እንደ እንዝርት ይሾራል ማለት ግን አይደለም)። በመግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ስፒን ሁለት አማራጭ ብቻ አለው፤ የሁለቱም ጉልበት ይለያያል። የብርሃኑ ቀለም የሚወሰነው ኤሌክትሮን በሚለቀው ጉልበት ስለሆነ፣ አንዱ የብርሃን መስመር ወደ ብዙ ተቀራራቢ መስመሮች ይሰነጠቃል፤ ሰፍቶ የታየውም ለዚህ ነው። ክስተቱ የዜማን ክስተት ይባላል።

አሜሪካዊው ጆርጅ ሄል በ1908 ይህንኑ ስንጥቅ በፀሐይ ጥቁር ነጥቦች ብርሃን ውስጥ አገኘው። ከመሬት ውጭ መግነጢሳዊ መስክ መኖሩ የተረጋገጠው ያኔ ነው፤ ያውም ማንም ሳይነካው፣ በብርሃን ብቻ!

የሶዲየምን ቢጫ ብርሃን ራሳችሁ ለማየት፣ ከመምህራችሁ ጋር ሆናችሁ በቡንሰን ነበልባል ላይ ትንሽ የገበታ ጨው ነስንሱ። ቢጫው ብርሃን በሲዲ ገጽ ላይ ሲያንጸባርቅ ምን ዓይነት ቀለማት ይታያሉ? ከሻማ ብርሃን ጋር አነጻጽሩት።