ዲስክ፣ ከኦፕራሲዮን በፊት

«ዲስኬ ተንሸራተተ» ይባላል እንጂ ዲስኩ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። በሁለት አከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የተቀመጠው ዲስክ ዙሪያው ሲሰነጠቅ መሀሉ ያለው ለስላሳ ክፍል ወደ ውጭ ይወጣል፤ አጠገቡ የሚያልፈውን ነርቭ ይጫናል፣ ያስቆጣዋልም። ወገብ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጎዱት የታችኞቹ ሁለት ዲስኮች ናቸው። በአጠገባቸው የሚያልፈው ነርቭ ወደ እግር ስለሚወርድ ነው ሕመሙ ከወገብ ይልቅ እግር ላይ የሚብሰው፤ ከመቀመጫ ተነስቶ በባት በኩል እስከ እግር ጣት ይነዝራል።

ሕክምናዎቹን ማወዳደር የሚያስቸግረው ጊዜ ራሱ መድኃኒት ስለሆነ ነው። የወጣውን ቁራጭ ሰውነት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ቀስ በቀስ ይበላዋል። የሚገርመው፣ ተቆርጦ የወጣው ትልቁ ቁራጭ ከትንሹ እብጠት ይልቅ የመክሰም ዕድሉ ሰፊ ነው። በ1999 በታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት 183 ታማሚዎች ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ ዋሉ፣ ግማሾቹ የቻሉትን ያህል ተንቀሳቀሱ። በ12ኛው ሳምንት ከሁለቱም ወገን 87 በመቶው ተሽሎት ነበር። እንግዲህ በመሀል ያሸው ወጌሻም፣ የወጋው ሐኪምም፣ ፍልውሃም ምስጋናውን ይካፈላሉ።

ምረጥ ብባል ገንዘቤን የማወጣው ለፊዚዮቴራፒ ነው። ኒውዚላንዳዊው ሮቢን ማኬንዚ ባስፋፋው ዘዴ ታማሚው በሆዱ ይተኛና በክርኑ ይደገፋል፤ ቀጥሎ ዳሌውን ሳያነሳ ክንዱን ዘርግቶ ደረቱን ቀና ያደርጋል፤ ይህንኑ ይደጋግማል። ባለሙያው በየመሀሉ «አሁን የት ድረስ ያምሃል?» ይላል። ሕመሙ ከጣት ወደ ባት፣ ከባት ወደ መቀመጫ ካፈገፈገ፣ ወገቡን ቢያጠብቅበት እንኳ መልካም ምልክት ነው። ወደ ታች ከወረደ እንቅስቃሴው ይቀየራል። በጥናቶች ላይ ብልጫው ሰፊ አይደለም፤ ግን ጉዳቱ ትንሽ ነው፣ ታማሚውም ቤቱ ይዞት ይሄዳል።

ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ለጥቂት ቀናት ያስታግሳሉ፤ ሲራዘሙ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ። ለነርቭ ሕመም በብዛት የሚታዘዘው ፕሪጋባሊን ግን በ2017 በአውስትራሊያ ሲፈተን ከባዶ ኪኒን አልበለጠም፤ ያተረፈው ማዞር ነው። በአከርካሪ በኩል የሚሰጠው የስቴሮይድ መርፌ እግር ላይ ያለውን ሕመም ለጥቂት ሳምንታት በመጠኑ ይቀንሳል፤ እንቅልፍ ላጣ ሰው ይህም ቀላል አይደለም። ወገብ መጎተቻው ማሽን ግን ለዋጋው የሚመጥን ማስረጃ የለውም።

በ2007 ሌላ የኔዘርላንድስ ጥናት ቶሎ ኦፕራሲዮን የተደረጉትንና የጠበቁትን 283 ሰዎች አነጻጸረ። የቀደሙት ቶሎ ተሻላቸው፤ በዓመቱ ግን ሁለቱም እኩል ሆኑ። ከጠባቂዎቹም 39 በመቶው ሕመሙ አላስችል ብሏቸው ኦፕራሲዮን ገብተዋል።

ይህ ሁሉ ንጽጽር ሽንቱ ላልታገደ፣ ብልቱና መቀመጫው ዙሪያ ላልደነዘዘ፣ እግሩ ላልከዳው ሰው ነው። እነዚህ ከታዩ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።