ለበሽታ በር የሚከፍተውን ዘረመል መዝጋት፦ ከአገራችን ገብስ የተገኘ ትምህርት

መግቢያ

ዲጋሉ የሚባለው የዳቦ ስንዴ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን ከደረሰው የቢጫ ዋግ ወረርሽኝ በኋላ፣ ይህንኑ በሽታ ስለሚቋቋም በአርሲና በባሌ በሰፊው ተዘርቶ ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2013 አዲስ ዓይነት የግንድ ዋግ ተነሥቶ በዲጋሉ ማሳዎች ላይ ከፍተኛ ጉዳት አደረሰ። ይህም አንዱን በሽታ የሚችል ዝርያ በሌላው ሊወድቅ እንደሚችል ያሳያል። ዛሬ ዘረመልን በማረም በሽታን የሚቋቋም ሰብል መገኘቱ በየቦታው ስለሚወራ፣ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ለገበሬው ትክክለኛውን መልስ እንዲሰጡ ይህ ጽሑፍ ተዘጋጅቷል።

1. ሰብል በሽታን የሚቋቋመው እንዴት ነው?

ዘረመል በሰብሉ ሕዋስ ውስጥ የሚገኝና ከዘር ወደ ዘር የሚተላለፍ መመሪያ ነው። በሽታን ከመቋቋም አንጻር ሁለት ዓይነት ዘረመሎችን መለየት ይጠቅማል። የመጀመሪያው እንደ ዘበኛ ነው፤ የሻጋታውን ምልክት ለይቶ ሰብሉ እንዲከላከል ያደርጋል። ሻጋታው ምልክቱን ሲለውጥ ግን ዘበኛው ስለማያውቀው ሰብሉ ይጠቃል። በዋግ በሽታዎች ላይ በተደጋጋሚ የታየው ይህ ነው። ሁለተኛው ሻጋታው ወደ ሰብሉ ለመግባት የሚጠቀምበት በር ነው። ይህ በር ከተዘጋ ሻጋታው በቀላሉ መግቢያ አያገኝም።

2. የገብሳችን ምስክርነት

ነጭ ዱቄት መሰል ሻጋታ በገብስ ቅጠል ላይ የሚታይ በሽታ ነው። ኤም ኤል ኦ የተባለው ዘረመል ለዚህ ሻጋታ በር ይከፍታል። ጀርመናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1937 እና በ1938 ከኢትዮጵያ ከሰበሰቧቸው የገብስ ዘሮች መካከል፣ ይህ በር በተፈጥሮ የተዘጋባቸው ተገኙ። ይህ ጠባይ በማዳቀል ወደ አውሮፓ ገብስ ተላልፎ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ለገበሬዎች የቀረበ ሲሆን፣ ከ40 ዓመት በላይ ሳይሰበር ቆይቷል። ምንጩም ገበሬዎቻችን ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፉት የኖሩት የአገር ዘር ነው።

3. ዘረመልን ማረም ምን ማለት ነው?

የዳቦ ስንዴ ከሦስት የዱር ሣሮች መዳቀል የመጣ በመሆኑ፣ አንድን ዘረመል ብዙውን ጊዜ በሦስት ቅጂ ይይዛል። ሦስቱም በሮች በአንድ ተክል ላይ በተፈጥሮ ተዘግተው የመገኘታቸው ዕድል እጅግ አነስተኛ ነው። ተመራማሪዎች የተፈለገውን ቦታ ብቻ የሚቆርጥ መሣሪያ ወደ ሕዋሱ ያስገባሉ። ሕዋሱ የተቆረጠውን ሲጠግን ስሕተት ይፈጠርና ዘረመሉ ሥራውን ያቆማል። መሣሪያው ራሱ በቀጣዩ ትውልድ በመረጣ ሊወገድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የቻይና ሳይንስ አካዳሚ ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ ሦስቱንም የኤም ኤል ኦ ቅጂዎች ዘግተው ዱቄት መሰሉን ሻጋታ የሚቋቋም ስንዴ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ሌሎች የቻይና ተመራማሪዎች ሌላ ዘረመል በመዝጋት ቢጫ ዋግን የሚቋቋም ስንዴ ማግኘታቸውን አስታወቁ።

4. ሊታወቁ የሚገባቸው ገደቦች

ሀ. የኤም ኤል ኦን በር መዝጋት ዱቄት መሰሉን ሻጋታ እንጂ ዋግን አይከላከልም።

ለ. በሩ ለሰብሉም ሥራ ስላለው ሲዘጋ ዕድገትን ወይም ምርትን ሊቀንስ ይችላል። ይህ ችግር የሌለበት ስንዴ በቻይና የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው።

ሐ. ከዚህ በላይ የተገለጹት የስንዴ ዘሮች በአገራችን ለገበሬ አልተሠራጩም። ስለዚህ በሽታ ፈጽሞ የማይነካው ዘር እየተባለ በገበያ የሚቀርበውን ማመን አይገባም።

5. ከልማት ሠራተኞችና ከማኅበራት የሚጠበቅ ተግባር

ሀ. የአካባቢው ማሳ በሙሉ በአንድ ዝርያ እንዳይሸፈን ሁለት ወይም ሦስት የተለያዩ ዝርያዎች እንዲዘሩ ገበሬዎችን መምከር፤

ለ. ስንዴ ከማሸቱ በፊት ማሳን በየሳምንቱ ማየት፣ የዋግ ምልክት ሲታይም ሳይዘገዩ በአቅራቢያ ላለው የምርምር ማዕከል ማስታወቅ፤

ሐ. እንደ ሰነፍ ቆሎ፣ ማውጌና ጥቁር ገብስ ያሉ የአገር ዘሮች በተሻሻሉ ዝርያዎች ተተክተው እንዳይጠፉ ማኅበሩ አነስተኛ መሬት ለይቶ በየዓመቱ እንዲዘራቸው ማድረግ፤

መ. ከነዚሁ ዘሮች ናሙና ወስዶ፣ ገበሬው የሚጠራበትን ስምና የተገኘበትን ቀበሌ ጽፎ ለኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት መላክ።

መሣሪያው የትኛውን በር መዝጋት እንዳለበት የሚታወቀው በሩ የተዘጋበት ተክል ሲጠና ነው። ለኤም ኤል ኦ ከዚህ ዓይነቱ ተክል አንዱ የተገኘው በገበሬዎቻችን ማሳ ነበር። ሌላም እስከ ዛሬ ያልተጠና ዘር በአንድ ገበሬ ጎተራ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ከጠፋ ግን ምርምር መልሶ አያገኘውም።