ማረሻ የማይገባበት አገር

በአሜሪካ፣ በአላስካ ሰሜን ጫፍ፣ በአርክቲክ ውቅያኖስ ጠረፍ ኡትቅያግቪክ የምትባል ከተማ አለች። ከሌላ ከተማ የሚያገናኛት የመኪና መንገድ የለም። እዚያ በኅዳር የጠለቀች ፀሐይ የምትመለሰው በጥር ነው። ከግንቦት መጀመሪያ እስከ ሐምሌ ማለቂያ ደግሞ ፀሐይ ጭራሽ አትጠልቅም።

መሬቱ ከሥር ዓመቱን ሙሉ በረዶ ነው። ማረሻ አይገባበትም፤ ገብስም አይበቅልበት። ታዲያ ሰዉ ምን ይበላል?

ኢኑፒያት የሚባለው የአገሩ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ አሣ ነባሪ ያድናል። አሣ ነባሪ በባሕር የሚኖር፣ እንደ ላም ልጁን የሚያጠባ ግዙፍ እንስሳ ነው። አንዱ ሲያዝ ሕዝቡ ተጠራርቶ በገመድ ይጎትተዋል። ሥጋውን ይከፋፈሉታል፤ ሽማግሌና አቅመ ደካማም ድርሻ አለው። የተረፈውን በረዷማውን መሬት እንደ ጎተራ ቆፍረው ያኖሩታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ማለት ይህ ነው።

በ1977 እ.ኤ.አ. ግን ይህ ኑሮ አደጋ ላይ ወደቀ። በ19ኛው መቶ ዓመት ነጋዴዎች በመርከብ መጥተው እንስሳውን ፈጅተውት ነበር። ምሁራንም ቁጥሩ ገና አላገገመም አሉ። ስለዚህ ዓለም አቀፉ የአሣ ነባሪ ኮሚሽን አደኑን ከለከለ።

አዳኞቹ ዝም አላሉም። ብዙው በበረዶ ሥር ስለሚያልፍ በዓይን አይቆጠርም ሲሉ ተከራከሩ። በዚያው ዓመት ማኅበር አቋቋሙ። ከወራት በኋላም በተወሰነ ቁጥር ማደን ተፈቀደላቸው። በ1980ዎቹ ምሁራን ድምፅ የሚሰማ መሣሪያ ውኃ ውስጥ አስገብተው ቆጠሩ። እውነትም አዳኞቹ ልክ ነበሩ። በ2001 እ.ኤ.አ. ቁጥሩ ከ10,000 በላይ ተገመተ።

ገበሬም መሬቱንና ዝናቡን ያውቃል። ያወቀውን ቆጥሮና ጽፎ፣ ከማኅበሩ ጋር ሆኖ ሲያቀርበው ሰሚ ያገኛል።